ለምሰሶው አሥራ አራት ደቂቃ

ጋሼ እግሩን የሰበረው በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ ከአሰልጣኝነት ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ለሰፈር ልጆች «አዘላለል እንዲህ ነው» ብሎ ሊያሳይ ሲነሣ ነው። መነሣቱንስ ተነሣ፤ አወራረዱ ነው ያላማረው። ሐኪሙ ከጉልበቱ በታች በጀሶ ጠቅልሎ ስድስት ሳምንት እንዳይረግጥበት አስጠነቀቀው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። የታናሽ እህቱ ቤት ግን ከመንገዱ በሁለት ደረጃ ብቻ የሚገባ ነው። ሚስቱ ሻንጣውን አዘጋጅታ እስከ ታክሲው ሸኘችው። ታክሲው ሲነሣ እጇን ያወዛወዘችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላል ራሱ ጋሼ፤ እሱም ቢሆን የእፎይታ ነበር።

እህቱ የከተማው ውሃ ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ከየማጠራቀሚያውና ከየቧንቧው በጠርሙስ የሚመጣላትን ውሃ ትመረምራለች፤ ክሎሪኑን ትለካለች፣ ድፍርስነቱን ታያለች፣ በሙቀት ሣጥን ውስጥ አንድ ቀን አሳድራ የበቀለ ነገር ካለ ትቆጥራለች። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስትሠራ፣ ያልተጻፈን ነገር እንዳልተደረገ የመቁጠር ጠባይ አብሯት አድጓል። ቤተሰቡ «ሚሊግራም» ይላታል፤ ሲያቆላምጣት «ሚሊ»። ስሙን ያወጣላት ጋሼ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጣት ያላወጣላት ነገር የለም፤ ስሟንም፣ የወተት ጥርሷንም፣ አንዴም ከገባችበት ቦይ ራሷን።

ከሥራ በኋላ የምትዝናናበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በኮምፒውተር የሚካሄድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የአሰልጣኝነት ጨዋታ። ጨዋታው ውስጥ የሚነጥር ኳስም የሚሮጥ ሰውም አይታይም። የሚታየው ሰንጠረዥ ነው። አሥራ ሁለት ተጫዋቾች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በቀን መቶ ሃያ ደቂቃ ልምምድ አላቸው፤ አሰልጣኙ ያንን ደቂቃ ለውርወራ፣ ለነጻ ውርወራ፣ ለሪባውንድ ማለትም ስቶ የነጠረ ኳስ ለመያዝ፣ ለድሪብል፣ ለመከላከል፣ ለጉልበት፣ ለቡድን ስልትና ለጥናት ይደለድላል። ጥናት የገባው ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ስለሆኑ ነው፤ አማካይ ውጤቱ ከሁለት ነጥብ የወረደ ተጫዋች እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ከሜዳ ይታገዳል። ማታ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ሰንጠረዡን ይቆልፋል፣ የዕለቱን ልምምድ ይቆጥራል፣ ቡድኑን የት እንዳለ ከማይታወቅ የሌላ ሰው ቡድን ጋር ያጋጥማል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ውጤቱን ይለጥፋል። ሃያ ሰባት ማታ፣ ሃያ ሰባት ጨዋታ፤ አንድ የውድድር ዘመን ማለት ይኸው ነው።

ሚሊ ይህን ቡድን ከያዘች ሁለት ዓመት አልፏታል። ስትረከበው በምድቡ የመጨረሻ ነበር። እሷ ግን ባለ ካሬ ደብተር ገዝታ እንደ ላብራቶሪዋ ያዘችው። ሁለት ተመሳሳይ ተጫዋቾች ትመርጥና ለአንዱ ዘጠኝ፣ ለሌላው አሥር ደቂቃ ትሰጣለች፤ ሌላውን ሁሉ ሳትነካ ዘመኑ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። በዚህ መንገድ፣ ከአራት ደቂቃ በታች የተሰጠው ችሎታ እንደሚያሽቆለቁል አወቀች። የቡድኑ ሴንተር፣ ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው፣ ማሽኑ የሰጠው ስም ለአፍ ስለማይመች እቤት ውስጥ «ምሰሶው» የሚባለው የሁለት ሜትር ከስድስት ልጅ፣ በትምህርት ደካማ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ጥናት ሲሰጠው ውጤቱ ይወርዳል፣ በአሥራ ሦስት ይዋዥቃል፣ በአሥራ አራት ይጸናል። ይህችን አንዲት ቁጥር ለማግኘት ሁለት የውድድር ዘመን ፈጅቶባታል።

ጋሼ በመጣበት ሳምንት አዲስ ዘመን ሲጀመር የኮሌጁ ቦርድ ደብዳቤ ላከላት። ከሃያ ሰባቱ ጨዋታ ቢያንስ አሥራ ስድስቱን ካላሸነፈች ውሏ አይታደስም ይላል። ቦርድ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ያው ማሽኑ እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ውሉ ከተቋረጠ ቡድኑ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሷ ለአምስት ዘመን ወደዚያ ኮሌጅ ዝር አትልም። የሁለት ዓመት ደብተርም ለማንም የማይጠቅም ወረቀት ይሆናል።

ጋሼ ሰንጠረዡን መጀመሪያ ያየ ዕለት መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አጠለቀው። ኳሱ የት እንዳለ ጠየቀ። እንደሌለ ስትነግረው፣ ሠላሳ አራት ዓመት ያሰለጠነው ኳስ ባለበት እንደነበር፣ ኳስ የሌለበት ቅርጫት ኳስ ግን እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ሒሳብ እንደሚባል አስረዳት። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን አስጠጋ። በአምስተኛው ቀን «እኛ» ማለት ጀመረ።

የይለፍ ቃሉን የሰጠችው ወዳ አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ከከተማ ውጭ ካሉት ማጠራቀሚያዎች ናሙና ለማምጣት ትወጣለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ተጫዋች ቢጎዳ ተተኪ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ ጻፈችለትና ከሥሩ ማስጠንቀቂያ አከለችበት፤ የተጎዳ ከመተካት በቀር ምንም እንዳይነካ፣ በተለይ ልምምዱን። ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ጋሼ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከተተና ሕፃን ልጅ እንዳልሆነ ነገራት።

አርብ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ሰንጠረዡን ስትፈትሽ፣ የአሥራ ሁለቱም ተጫዋቾች ነጻ ውርወራ ከአምስት ደቂቃ ወደ ሃያ አምስት ዘሎ አገኘችው። ሃያው ደቂቃ የመጣው ከመከላከል ነው። ሳሎን ሄደች። ጋሼ ጀሶውን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ለምን እንደመጣች አውቋል።

«ረቡዕ ማታ ስድስት ነጻ ውርወራ ሳቱ» አላት። «ስድስት ከሳቱ በማግስቱ መወርወር ነው። ሌላ ምን መድኃኒት አለው?»

«ጋሼ፣ አንድ ቀን በመወርወር ለውጥ አይመጣም። የሚታየው በአሥር ቀን ነው። በአሥሩ ቀን ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር መነካት የለበትም።»

«የእኔ ልጆች እኮ በግማሽ ሰዓት ይለወጡ ነበር።»

«ያንተ ልጆች ይፈሩህ ነበር። እነዚህ አያውቁህም።»

«ይተዋወቁኛ።»

ነጻ ውርወራውን ወደ አምስት መለሰችው። የተበላሸውን ቀን በደብተሯ በቀይ አጥራ፣ ከጎኑ «የማይቆጠር» ብላ ጻፈች። ባለቤቷ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ በሰው ነገር የማይገባ ዝምተኛ። እሱ እንኳ ጫማውን እያሰረ፣ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ቡሎን ሲያጠብቅ ማየቱን፣ የተሰበረውም ቡሎኑ መሆኑን ተናግሮ ወጣ። ጋሼ በበኩሉ ቃል ገባ። ሁለተኛ ልምምድ የሚባል ነገር አልነካም አለ፤ እጁንም አነሣ።

እጁ ግን አላረፈም። መንካቱን ሲከለከል መጻፍ ጀመረ። የደብተሯ ኅዳግ ላይ በእርሳስ አስተያየት ይሰፍር ጀመር፤ ከአንዱ ቁጥር ጎን «ሰነፍ ነው»፣ ከሌላው ጎን «ይህ ልጅ ጨዋ ይመስላል»፣ አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ «ተው»። ሚሊ ላጲስ ይዛ ስትጠርግ ታመሻለች። ጨዋ የሚመስለው ልጅ ጨዋነቱን ከየት እንዳየው ብትጠይቀው ከቁመቱ ነው አላት። ሚሊ ያንንም በላጲስ ጠረገችው።

ቡድኑ ግን እያሸነፈ ነው። ከአሥሩ ሰባት፣ ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አንድ። ከሁሉም የገረማት ምሰሶው ነበር። ሪባውንዱ በዘመኑ መጀመሪያ ሰባ አንድ ላይ ደርሶ ቆሞ ነበር፤ ሚሊም ጣሪያውን ነክቷል፣ ከዚያ አያልፍም ብላ ነበር። አንድ ጠዋት ሰባ ሁለት ሆኖ አገኘችው። ከሁለት ቀን በኋላ ሰባ ሦስት። ከዚያ ሰባ አምስት። የልምምድ ደቂቃውን ደጋግማ አየች፤ ያው ናት፣ ሪባውንድ አሥራ ስምንት፣ ጥናት አሥራ አራት። ምንም ሳይጨመርለት እያደገ ነው።

ሚሊ ደስታውን አልቻለችውም። ያልተገለጸ ዕድገት በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ አንድም ቀን ደስ አሰኝቷት አያውቅም፤ ይኼኛው ግን አሰኛት። ሦስት ማታ ተቀምጣ ሐሳብ አወጣችለት፤ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነ ረጅም ተጫዋች፣ ጣሪያውን ነክቶ ለስምንት ቀን ከቆየ፣ ጣሪያው ራሱ ከፍ ይላል። በቁጥር አስደግፋ ጨዋታውን የሚጫወቱ ሰዎች በሚወያዩበት መድረክ ላይ አወጣችው። አሥራ አንድ ሰው አመሰገናት፤ አንዱ «ዓመታት የፈለግነው» ብሎ ጻፈላት። በዚሁ እምነት የሌሎቹን ሁለት ረጃጅሞች ሪባውንድ ቀነሰችባቸው፤ እነሱም ጣሪያቸው ሲነሣ በነጻ ያድጋሉ ብላ። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ያልተጠበቀ ውጤት ሲያወጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል። ጠርሙሱን ማን ነካው ትላለች። እቤቷ ግን ይህን መጠየቅ አልታሰባትም።

ከሃያኛው ጨዋታ በኋላ የትምህርት ውጤት ወጣ። ቡድኑ አሥራ አራት አሸንፏል፤ ከቀሩት ሰባት ሁለት ይበቃዋል። ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገጹን ከፈተች። አሥራ አንዱ አልፈዋል። ምሰሶው አንድ ነጥብ ዘጠኝ፤ እስከ ዘመኑ መጨረሻ ታግዷል።

ቁጭ አለች። ደብተሩን ዘርግታ ድምጿን ከፍ አድርጋ ማስላት ጀመረች። በሁለት ነጥብ ሁለት ነው የጀመረው። በአሥራ አራት ደቂቃ ከሁለት ነጥብ አንድ በታች ሊወርድ አይችልም። ሁለት ዘመን ሙሉ አልወረደም። ወይ ማሽኑ ሕጉን ለውጧል፣ ወይ እሷ አሥራ አራት እያለች አሥራ ሦስት ጽፋለች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ እየቆጠረች ግማሽ ሰዓት ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ጎደላት። ጋሼ አልጠየቀም። ምን ሆነ አላለም፣ አስተያየት አልሰጠም፣ ወንበሩን አላስጠጋም። ቀና ስትል ወጥ ቤት አየችው፤ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ክራንቹን ብብቱ ሥር ወትፎ፣ ማንም ሳያዘው ብርጭቆ እያጠበ ነው።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

ጋሼ «አቤት» ብሎ አያውቅም። ለታናሽ እህቱ ይቅርና ለርእሰ መምህሩም «እ» ነበር የሚለው።

«ጥናቱን ነክተሃል?»

ጋሼ ብርጭቆውን ሁለተኛ አለቀለቀው። «ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው» አለ።

ነገሩ ሲዘረዘር እንዲህ ሆነ። እሷ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ትወጣና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ናት። ጋሼ አሥራ ሁለት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀር የምሰሶውን አሥራ አራት የጥናት ደቂቃ አንሥቶ ሪባውንዱ ላይ ይጨምራል። ማሽኑ ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ወደ ቦታው ይመልሳል። ጠዋት ስትፈትሽ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ሳይል፣ እረፍት ቀን ሲሆን ደግሞ እሷ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ፣ አሥራ ሰባት ማታ።

«ለምን ትመልሰዋለህ?»

«አንቺ እንዳትበሳጪ ብዬ ነዋ።»

ጋሼ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና እያነከሰ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። አንድ ሴንተር ነበረኝ አለ፤ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ። የፍጻሜው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው በሒሳብ ወደቀ ተብሎ ታገደ። የጎደለው ሁለት ማርክ ነበር። የሒሳብ መምህሩን ቢሮው ድረስ ሄዶ ለመነው፤ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሣ ማርክ ቅርጫት ውስጥ አይገባም ብሎ ሳቀ። ፍጻሜውን በአራት ነጥብ ተሸነፉ።

«ከዚያ ወዲህ ከኳስ ጎን ጥናት የሚል ተጽፎ ካየሁ እጄን ያሳክከኛል» አለ።

«ያ ልጅ ነበር ጋሼ። ይሄ ልጅ አይደለም። ይሄ ቁጥር ነው።»

«ቁጥር ከሆነ ታዲያ ማጥናት ምን ያደርግለታል?»

ሚሊ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች።

ከእገዳው ይልቅ ያንገበገባት ያ ሐሳቧ ነው። ጣሪያው አልተነሣም፤ ቁጥሩን ያሳደገው ጋሼ ነው። በዚያ ሐሳብ የተነሣ ደቂቃ የተቀነሰባቸው ሁለቱ ረጃጅሞች ሪባውንዳቸው ወደ ስልሳ ወርዷል፣ አሁን ደግሞ በምሰሶው ቦታ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። መድረኩ ላይ ገብታ ግኝቷ ስሕተት እንደሆነ፣ ናሙናው ተበክሎ እንደነበር ጻፈች። አንድ ሰው ወዲያው በምን ብሎ ጠየቃት። «በወንድሜ» ብላ መለሰችና ዘጋችው።

የይለፍ ቃሉን ቀየረች። ጋሼ ይህን ሲያውቅ አልተቆጣም፤ ይልቁንም እንደ በደለኛ ሰው ቀስ ብሎ፣ ምሰሶ የሌለው ቡድን ሰው በሰው መያዝ እንደማይችል፣ ቦታ ቦታውን ይዞ በጋራ መከላከል እንዳለበት አስረዳት። አጫጭሮች ለብቻቸው ረጅም ሰው ሥር ሲቆሙ እንደሚዋጡ፣ ተጠጋግተው ሲቆሙ ግን ግንብ እንደሚሆኑ በአምስት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አሳያት። ሚሊ ለዚያ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ሃያ አምስት ደቂቃ ለቡድን ስልት መነሣት እንዳለበት፣ ሌላው ሁሉ እንደሚያሽቆለቁል፣ በዘመን መጨረሻ ስልት መቀየርም እብደት እንደሆነ ነገረችው። በራሷ መንገድ ሄደች። ሁለት ተሸነፈች።

ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ፣ ለጋሼ ሳትነግር፣ ሃያ አምስት ደቂቃውን ለቡድን ስልት ሰጠች። ያልነገረችው እንዳይኩራራ ነው። ቡድኑ ስልቱን እስኪለምድ ሁለት ጨዋታ ተጨማሪ ተሸነፈ። ከቀሩት ሰባት አምስተኛው ላይ የጋሼን መከላከል ለብሶ ገባና ከምድቡ ሁለተኛ የሆነውን በዘጠኝ ነጥብ ረታ። ጋሼ ዘገባውን ከትከሻዋ በላይ አነበበ፤ «ቦታ ይዞ መከላከል» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በአንድ እግሩ እስከ መስኮቱ ዘሎ ተመለሰ። ስድስተኛውን ተሸነፉ። አንድ ጨዋታና አንድ ድል ቀረ።

የመጨረሻው ቀን ሚሊ አንድ ሰዓት ቀድማ ከሥራ ወጣች። የአሥራ ሁለቱን ተጫዋቾች መቶ ሃያ ደቂቃ አንድ በአንድ ተከራከሩበት፤ ጋሼ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ልብ አወራ፣ እሷ ስለ እያንዳንዱ ቁጥር። በአንዱ ላይ እሱ ለቀቀ፣ በሌላው ላይ እሷ። ሊቆለፍ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሁለቱም የተስማሙበት ሰንጠረዥ ወጣ። ባለቤቷ ከጋራዥ ሲገባ ሁለቱም ባዶ ገጽ ላይ ሲያፈጡ አገኛቸው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ አለፈ።

ስልሳ ስድስት ለስልሳ አራት ተሸነፉ።

ዘገባው ከሥር ዝርዝሩን አስቀምጧል። ከአሥራ ዘጠኝ ነጻ ውርወራ አሥራ አንዱ ተስቷል። ጋሼ መስመሩን አነበበ። ሚሊ ማንበቡን አየች። አንድ ቃል ቢናገር፣ «ብያለሁ» ቢላት፣ ለአሥራ ሰባቱ ማታ ያላለችውን ሁሉ ልትለው ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ክራንቹን አንሥቶ ሊተኛ ሄደ። ከሁሉ ያናደዳት ይኼው ነው።

በማግስቱ የቦርዱ ደብዳቤ መጣ፤ ላበረከተችው አገልግሎት ምስጋና፣ ለወደፊቱ መልካም ምኞት። ከሥሩ የኮሌጁ ስም ክፍት የሥራ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ኮምፒውተሩን ዘጋችና የሳምንቱን ልብስ ሁሉ ተኮሰች፤ ፎጣዎቹን ሳይቀር።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ጓንት አጥልቃ ሳህኖች ላይ የበቀለውን ስትቆጥር ስልኳ ጮኸ። ባልደረባዋ አንሥታ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ጋሼ ነው። ድምፁ ውስጥ ሊደብቀው የሞከረው ደስታ አለ። ቡድኑ የማንም መጫወቻ ሲሆን ማየት ስላልቻለ፣ በራሱ ስም ተመዝግቦ አመልክቶ ነበር። አዲስ አሰልጣኝ ስለሆነ፣ የወደቀበት ዘመንም ስለሌለው፣ ቦርዱ ተቀብሎታል።

ሚሊ የምትቆጥረው ቁጥር ጠፋባት። «ማንን ነው የተቀበለው?»

«እኔን። አሰልጣኝ ሆኜልሻለሁ።»

«ቡድኔን ወሰድከው?»

«ከሚወስዱት እኔ ልውሰደው ብዬ ነዋ፣ ሚሊዬ። አሁን ዛሬ ማታ የአዲሱ ዘመን የመጀመሪያ ልምምድ አለ። ለውርወራ ስንት ነው የምትሰጫቸው? ካልነገርሽኝ በራሴ ነው የምሞላው።»

«በራስህ አትሙላ» ብላ ጮኸች፤ ባልደረባዋ ስልኩን ከጆሮዋ አራቅ እስክታደርግ። «እስክመጣ ድረስ እጅህን ጠረጴዛው ላይ አድርገህ ተቀመጥ።»

ሳህኖቹን ከመጀመሪያው ጀምራ እንደገና ቆጠረች። ስትጨርስ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ ለመጮህ የምትመርጣቸውን ቃላት በቅደም ተከተል አዘጋጀች። እቤት ስትደርስ ጋሼ እውነትም ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል፤ አንድም ቁጥር አልተሞላም። ከሰዓት ሙሉ እንዲህ ተቀምጦ እንደዋለ የታወቃት ፊቱን ስታይ ነው። ያዘጋጀቻቸው ቃላት ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠፉባት።

ቦርሳዋን አወረደችና ቃል ሳታለዝብ ሕግ አወጣች። አሰልጣኙ እሱ ነው፤ ስሙ እዚያ አለ፤ አትከራከርም። ሰንጠረዡ ግን የሚሞላው እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱም ባሉበት ብቻ ነው። የሚነካ ነገር ሁሉ ከመነካቱ በፊት ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከስንት ወደ ስንት። ጋሼ ጀሶው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚወጣና ወደ ቤቱ እንደሚመለስ አስታወሳት። በየማታው እንዲመጣ አዘዘችው። ባለቤቷ ከወጥ ቤት፣ እንግዲያው የሚወጣው ጀሶው ብቻ ነው ማለት ነው አለ።

ጋሼ አሰበበት። «ይሁን» አለ። «ግን ምክንያት የሚል ዓምድ ይጨመር።»

«ምን ዓይነት ምክንያት?»

«የኔ ዓይነት። ልጁ ደስ ካላለኝ ደስ አላለኝም ብዬ የምጽፍበት።»

«እሱ ምክንያት አይደለም።»

«ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁት በእሱ ነው፣ ሚሊ። ያንቺ ደብተር ቦታ ካልሰጠው ተደብቄ ነው የምሠራው፤ እንደምችልበት አይተሻል።»

ይህ ዛቻ ነው ወይስ ልመና፣ ከፊቱ መለየት አልቻለችም። ማስመሪያውን አወጣች፤ ከገጹ ጠርዝ ሁለት ካሬ ቆጥራ ከላይ እስከ ታች አሰመረችና አናቱ ላይ «ምክንያት» ብላ ጻፈች።

«ጠበበ» አለ ጋሼ።

«ይበቃል።»

«ደስ አላለኝም የሚለው አይገባበትም እኮ።»

«አሳጥረህ ጻፈው።»

ሰዓቷን አየች። ሊቆለፍ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል፤ ከአሥራ ሁለቱ የተሞላ አንድም የለም። ወንበሯን ስባ የመጀመሪያውን ተጫዋች አወጣች።

«ውርወራ ሃያ» አለች።

«ሃያ ሁለት።»

«ምክንያት?»

ጋሼ እርሳሱን አነሣ።